የተውሶ ጥጃ

ጎረቤላ፣ አንኮበር
ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ለምትኖረው ለአክስቴ ልጅ ለሸዋዬ፤

የአንኮበር መድኃኔዓለም በወጣሽበት በገባሽበት ይከተልሽ። ሌላ የምልከው ባይኖረኝ የጎረቤላን ጉም ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ እሱ እንደሆነ እዚህ ተርፎናል። እንደምን ከርመሻል የኔ እመቤት? ብርዱስ እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ስልክ እያለ ምን ያጽፍሻል እንዳትይኝ። አንቺ የምትጦሪያት አሮጊት እንዳትነቃ «ሲኞራ እንቅልፏ ቀላል ነው» እያልሽ ታንሾካሹኪያለሽ፤ እኔ ጋ ደግሞ ባለቤቴ ዘውዴ አጠገቤ ተቀምጦ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለ ወሬያችንን ይበላብናል። ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ለዚህ ቀን ነው ብዬ እስክሪብቶ አነሳሁ። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ነው የምሰድልሽ፤ ጥጉ ላይ አውራ ጣቴ ከታየች እለፊያት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ዘውዴ አሞታል። ደንግጠሽ እንዳትነሺ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። አንቺ መስከረም ላይ መጥተሽ ከሄድሽ ወዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ላቡ ጋቢው እስኪጨመቅ ይወርዳል። ደግሞ አንድ ሳምንት ይተወውና «ዳንኩ» ብሎ ሲፎክር ተመልሶ ይጥለዋል። ከሁሉ የከፋው ወገቡና ዳሌው ነው። ሸማኔ ያለ ወገብ ምን ይሆናል ሸዋዬ? ከሽመና ጉድጓዱ የሚወጣው እኔና ጎረቤታችን ወርቅአገኘሁ በብብቱ ይዘን ስንጎትተው ነበር፤ አሁንማ መግባቱንም ትቶታል፣ ድሩ እንደተወጠረ ዶሮ ይመላለስበታል። አንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ሄድን፤ ሦስቴም ታይፎይድ ነው ተባልን፣ መድኃኒቱን ወሰደ፣ ዳነ፣ ታመመ። መዳን እንዲህ ከሆነ ይቅርብን አልኩት።

ላማችን ቡሬ ደህና ናት። አንቺ ከገዛሽልን ሁለት ዓመት ሞላት አይደል? እኔ መቼም ወተት ሆዴን ስለሚነፋኝ አልቀምሰውም። ለዘውዴ ግን እንዲያበረታው ብዬ ጠዋት ጠዋት ከነአረፋው፣ ሳይበርድ አጠጣዋለሁ። ጥጃዋም… ጥጃ መቼም ጥጃ ናት፣ ታድጋለች።

ደጅሽን ክፉ ነገር አይርገጠው።
እህትሽ እናናየሁ


ራጉዛ፣ ሲሲሊ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ እናናየሁ፤

ጉሙ ደርሶኛል፤ አውራ ጣትሽም ደርሳለች፣ ጥፍሯን ቁረጫት። እግዚአብሔር ቤትሽን በጤና ይሙላው።

የጋሼ ዘውዴ ነገር ሐሳብ ላይ ጥሎኛል። እባክሽ እዚያው ክሊኒክ አራተኛ ጊዜ እንዳትሄዱ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ውሰጂው። ለመንገዳችሁ የምትሆን ትንሽ ነገር ልኬያለሁ፤ «ለምን ተቸገርሽ» የሚለውን ደብዳቤ እንዳትጽፊ፣ ወረቀቱን ለሌላ ወሬ ተጠቀሚበት።

እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ ይደክመኛል። ሲኞራ ካርሜላን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሳነሳ ስውል ወገቤ ከእሷ ጋር አብሮ አረጀ። እሷ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ገና ሃያውንም አልደፈነ።

ጥጃዬስ? «ታድጋለች» ምን ማለት ነው? ስም ያወጣሁላት እኔ አይደለሁም እንዴ? «ሲሲሊ» ብለሽ ስትጠሪያት ዞር ትላለች? ፎቶዋን ላኪልኝ። ሲኞራ የእረኛ ልጅ ናት፤ ከሰው ፎቶ የከብት ፎቶ ይሻላታል።

ሸዋዬ


ጎረቤላ፣ አንኮበር
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሸዋዬ፤

የጥምቀቱ ውሃ በረከት እዚያ ድረስ ይርጭሽ። ስለዘገየሁ አትቆጪኝ፤ ኔትወርኩ ሲመጣ እኔ አልኖር፣ እኔ ስኖር እሱ አይመጣ።

ደብረ ብርሃን ደርሰን መጣን። ብርዱ መቼም የታወቀ ነው፤ ዘውዴ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ጋቢ ደርቦ ላብ በላብ ሆኖ፣ አጠገቡ ያለው ሰውዬ «አባት፣ እርስዎ ጋ ልጠጋ፣ ምድጃ ነዎት» አለው። ዶክተር ሚኪያስ የሚባል ወጣት ሐኪም አየው። ጨዋ ልጅ ነው፣ አይቸኩልም። ራጅ አስነሳው፣ ለሳንባ ነቀርሳም ለሌላም መረመረው፣ ምንም የለም። ብቻ ጥያቄ ያበዛል! «ቤት ውስጥ ከብት አላችሁ? ወተት አፍልታችሁ ነው የምትጠጡት? ያስወረደች ላም ወይ ፍየል አለች?» አለን። እኔ በሆዴ ይሄ ልጅ የከብት ሐኪም ሆኖ ክፍል ተሳስቶ ይሆን እንዴ አልኩ። «ሁሉም ደህና ነው ዶክተር» አልኩት። ማስታገሻ ሰጥቶ «ካልተሻለው በወሩ ተመለሱ» ብሎ ሸኘን። አልተሻለውም። አሁንማ ሽንት ቤት እንኳ እኔን ተደግፎ ነው የሚሄደው። ትናንት «እናናዬ፣ መወርወሪያዬን ለወርቅአገኘሁ ልጅ ስጪው፣ እኔ ከእንግዲህ ቁጭ ብዬ አልሠራም» አለኝ። ወጥቼ እንጨት ፈለጥኩ።

የጥጃዋን ፎቶ ላልሽው፣ የስልኬ ካሜራ ጉም ገብቶበታል። ሲጠራ እልካለሁ።

እናናየሁ


ራጉዛ፣ ሲሲሊ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ እናናየሁ፤

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ በሚቀጥለው እክስሻለሁ።

ካሜራሽ ጉም ከገባበት ይህን ደብዳቤ በምን አነሳሽው?

አሁን እኔም የደበቅኩሽን ልናገር። ከኅዳር ጀምሮ እኔንም ያመኛል። ከሰዓት በኋላ ትኩሳት፣ ላብ፣ ወገብ። ሙቀቱን የዕድሜዬ ነው አልኩ፣ ወገቡን የሥራዬ ነው አልኩ። እንዳትጨነቂ ብዬ ላንቺ አልነገርኩም። ባለፈው ሳምንት ያንቺን ደብዳቤ እየተረጎምኩ ለሲኞራ ሳነብላት «የዚህን ሰውዬ በሽታ አንቺም አለብሽ» አለችኝ። ልጅ ሆና አባቷ ከፍየሎቹ ይዞት ሁለት ዓመት እንዲሁ ሲወድቅ ሲነሳ አይታለች። እነሱ የማልታ ትኩሳት ይሉታል። ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ ደሜን መረመሩ፣ ሲኞራ ልክ ብላለች። የሕክምና ስሙ ብሩሴሎሲስ ነው። ከከብት ወደ ሰው የሚመጣው ባልፈላ ወተት ነው፤ ወይም ያስወረደች ላም ስትታለብ፣ ጽንሱና የእንግዴ ልጁ በባዶ እጅ ሲነካ።

እኔ እዚህ ከመጣሁ ያልፈላ ወተት ቀምሼ አላውቅም። የጠጣሁት መስከረም ላይ እናንተ ቤት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ከቡሬ ጡት ሥር ነው።

እትዬ፣ ያ ዶክተር ክፍል አልተሳሳተም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ቡሬ ስትወልድ ምን ሆነች?

ሸዋዬ


ደብረ ብርሃን፣ ከላቦራቶሪ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸዋዬ እህቴ፣ የኔ ጌጥ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። በማግስቱ ዘውዴን ይዤ መኪና ተሳፈርኩ። ውጤት እስኪወጣ ይኸው ጭኔ ላይ እጽፍልሻለሁ። ልንገርሽና ብትፈልጊ ከእህትነት ሰርዢኝ።

ቡሬ አልወለደችም። ነሐሴ ላይ በሰባተኛ ወሯ አስወረደች። የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ዘውዴ እጁን አስገብቶ ጎትቶ አወጣው፤ ጓንት ማን ያውቃል። እያዘንን ሳለን «መስከረም ላይ እመጣለሁ፣ ጥጃዬን አያለሁ» ብለሽ ደወልሽ። ያን ያህል ዓመት የሰው ቤት ሠርተሽ የገዛሽልንን ላም «ገደኛ አልሆነችም» ብዬ በየትኛው አፌ ልንገርሽ? እንግዳ አዝኖ አይሸኝም ብዬ የወርቅአገኘሁን ጥጃ ተዋስኩ።

አዎ፣ «ሲሲሊ» የወርቅአገኘሁ ጥጃ ናት። ጠዋት አንቺ ሳትነሺ ይዟት ይመጣል፣ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ እናቷ ጋ ወስዶ ያጠባታል። ቡሬ ልታስጠጋት ስላልፈለገች ነው «ጥጃዋ ዓይናፋር ናት» ያልኩሽ። አንቺ አቅፈሻት ፎቶ ስትነሺ ዘውዴ ጓሮ ሄዶ ሳቁን ሲለቀው ሰማሁ፣ እኔ ግን እንባዬ መጣ። ስሙ ግን ጸንቶላታል፤ የወርቅአገኘሁ ልጆች እስከ ዛሬ «ሲሲሊ! ነይ!» እያሉ ነው የሚጠሯት።

ዶክተሩንም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን አጠገባችን ሁለት የጎረቤላ ሴቶች ተቀምጠው ነበር፤ ወሬው እዚህ አጠገብ ጫጫ ከተማ ሳይደርስ አንቺ ጋ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። ዘውዴ አፉን ሲከፍት በክርኔ ጎሸምኩት። የታመመ ጎኑን! ዛሬ ሁሉንም ለዶክተር ሚኪያስ ዘረገፍኩለት፣ የተውሶውን ጥጃ ጭምር። እስክጨርስ ሰማኝና «እናቴ፣ ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ሦስት ሳምንት እናተርፍ ነበር» አለ። ቀጥሎ ፊቱን በወረቀት ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰ መስሎኝ ነበር።

ተጠራን። ቆይ።

መጣሁ። የላቦራቶሪው ልጅ ጠርቶ አሳየኝ። የዘውዴን ጠብታ ደም ከሮዝ መድኃኒት ጋር ሲያቀላቅለው እንደ ተቆረጠ ወተት ተጓጎለ። የእኔን ሲቀላቅለው ምንም አልሆነ፣ እንዳለ ቀረ። ሆዴን የሚነፋኝ ወተት ነው ያተረፈኝ። እንዲያረጋግጡ ሌላም ምርመራ ሠሩ፣ ያው ነው። ስም የሌለው በሽታ ስም አገኘ። ዘውዴ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «እድናለሁ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ «ቁጭ ብዬ እሸምናለሁ ወይ?» አለ። ዶክተሩ «ሁለት ዓይነት መድኃኒት፣ ስድስት ሳምንት፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። ከዚያ ትሸምናለህ» አለው።

ተቆጪኝ። ተራሽ ነው።

በደለኛዋ እህትሽ


ራጉዛ፣ ሲሲሊ
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለበደለኛዋ እህቴ፤

የዕዳውን ሰላምታ ልክፈል፦ ከነቤትሽ፣ ከነጓሮሽ፣ ከነተውሶ ጥጃሽ እንደምን አለሽልኝ?

እውነቱን ልንገርሽ፣ አንድ ሰዓት ያህል ተናድጄ ነበር። በጥጃዋ አይደለም። እንደ እንግዳ ስለቆጠርሽኝ ነው። እትዬ፣ እኔ ላም ነው የገዛሁልሽ እንጂ ታቦት አላስገባሁልሽም! ላም ትታመማለች፣ ትሞታለች፣ ታስወርዳለች። ይህን ሳስብ ግን እኔም ሦስት ወር ሙሉ ትኩሳቴን እንደደበቅኩሽ ትዝ አለኝና ንዴቱ አፈረ። ከዚያ ያን ፎቶ አወጣሁት። ቡሬ ጥቁርና ነጭ፣ ጥጃዋ ደግሞ ቀይ ዳማ! እንዴት አላየሁም? ለሲኞራ ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች፤ «ይህችን እህትሽን አምጪልኝ፣ አብረን እንኑር» ብላለች።

አሁን ሕጉን ስሚ። እኔም የምወስደው ያንኑ ሁለቱን መድኃኒት ነው። በወተት አታስውጪው፣ ወተት የአንደኛውን ኃይል ይበላዋል። በብዙ ውሃ ይዋጥ፣ ውጦም ወዲያው አይተኛ። ሲሻለው «በቃኝ» እንዳይል፤ የዚህ በሽታ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው፣ ተመልሶ ይመጣል። የቀረውንም ወተት አፍሉት፣ ይንተክተክ።

ለጋሼ ዘውዴ ንገሪው፦ እኔ በአምስት ቀን ቀድሜዋለሁ። አንድ ፍሬ የዘለለ ሰው ተሸናፊ ነው። ጠዋት ሲውጥ በቴሌግራም ምልክት ይላክልኝ።

ሸዋዬ


ጎረቤላ፣ አንኮበር
የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሸናፊዋ ለሸዋዬ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ለካ ሰው ቤት ተቀምጠሽ እኔን ልታስቂኝ ነው እግዜር የፈጠረሽ፤ ደብዳቤሽን ለዘውዴ ሳነብለት «ታቦት» የሚለው ላይ ስንደርስ ወገቡን ይዞ እየጮኸ ሳቀ።

ግን ስሚ የሆነውን። መድኃኒቱን በጀመረ በሦስተኛው ቀን ዘውዴ ዝም አለ። አይበላም፣ አይናገርም። «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም»። ወዲያው የንስሐ አባታችንን መምሬ ኃይለ ገብርኤልን አስጠራ። እኔ ሻይ ላፈላ ገባሁ፤ ስወጣ ባሌ ኑዛዜ ይዟል! ጋቢው ለማን፣ በጓ ለማን። «አንተ ሰው፣ ምን አየህ?» ብዬ ስጮህበት አንገቱን ደፍቶ «ሽንቴ ደም ሆኗል» አለ። ሄጄ ባየው ሚሪንዳ ነው ሸዋዬ! ብርቱካናማ ሚሪንዳ! የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጥታኝ ኖሯል፦ ቀይዋ ፍሬ ሽንትንም ላብንም ታቀላለች፣ አትደንግጡ ብላ። ለእሱም ነግራዋለች፤ እሱ ግን ፍሬዎቹን እየቆጠረ አልሰማትም። መምሬ «እንግዲህ ኑዛዜው ፈረሰ፣ በጓን መልሱ» ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

እሱ ሲያልፍ ደግሞ ጾሙ ገባ። ዘውዴ «ጠዋት ውሃ አፌ አይገባም» ብሎ ግትር አለ። መልሼ መምሬን አስጠራሁ። «ዘውዴ» አሉት፣ «ክኒን ምግብ አይደለም፣ ውሃውም ለክኒኑ ነው። የንስሐ አባትህ እኔ ነኝ፣ እኔ ፈቅጃለሁ። እምቢ ካልክ ጾምህን ሳይሆን ትዕቢትህን ነው የምትጾመው።» ዋጠ። ከዚያ ወዲህ አንድ ፍሬ አልዘለለም። ትኩሳቱ ከጠፋ ይኸው ስምንት ቀኑ።

አሁን የከበደኝን ልንገርሽ። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ የቡሬን ደም ወሰደ። አለባት። ለእሷ መድኃኒት የለም፣ ለእርባታም ለወተትም ሌላ ቤት እንዳትገባ አለ። ያን ዕለት አንድ ነጋዴ ከአረርቲ መጥቶ «የወተት ላም እገዛለሁ» ብሎ ደጄ ቆመ፤ ጥሩ ዋጋም ጠራ። የአረርቲ ሰው ቡሬን አያውቃት፣ እኔን አያውቀኝ። ግን የማላውቃት አንዲት እናናየሁ ለባሏ ከነአረፋው ስታጠጣው ታየችኝ። «አትሸጥም» አልኩት። ያንቺ ስጦታ ናትና ሳልጠይቅሽ ምንም አላደርግም። ምን ትያለሽ?

እናናየሁ


ራጉዛ፣ ሲሲሊ
የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እናናየሁ፤

ስጦታ ከሰጡት በኋላ የተቀባዩ ነው፤ እኔን አትጠይቂኝ። ግን ከጠየቅሽኝ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ያለውን አድርጊ። ያን ነጋዴ መመለስሽን ስሰማ ከላሟ ይልቅ አንቺን ደግሜ ብገዛሽ ደስ ባለኝ።

ሚሪንዳውን በተመለከተ፣ እኔም ልብስ ማጠቢያው ተበላሽቶ ቀለም የለቀቀ መስሎኝ ለጠጋኝ ደውያለሁ። ነጭ ሸሚዜ ብብቱ ላይ የማይለቅ ቀለም ይዞ ቀርቷል። ለጋሼ ንገሪው፣ ኑዛዜ ግን አልያዝኩም፤ እዚህም አንድ ለዜሮ እየመራሁ ነው።

ሸዋዬ


ጎረቤላ፣ አንኮበር
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንኳን አደረሰሽ የኔ ዓለም፤

የትንሣኤው ብርሃን ከእናንተ ባሕር ላይም ይብራ። ሁለት ወር ያህል ጠፋሁ፣ ምክንያቴን ስትሰሚ ይቅር ትዪኛለሽ።

ዘውዴ መድኃኒቱን መጋቢት 19 ጨረሰ። ደብረ ብርሃን ሄድን። ዶክተር ሚኪያስ ደሙን አየ፣ ወገቡን ነካካ፣ አጎነበሰው፣ አቆመው። «በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ለጥቂት ወር እየመጣህ ታየኛለህ» አለው። ዘውዴ ከክፍሉ ሲወጣ እኔን መደገፉን ረስቶ ቀድሞኝ ሄደ። እኔ ኋላ ቀርቼ «ቆየኝ!» ስለው መንገደኛው ሁሉ ይስቃል። ያን ቀን እዚያ መንገድ ላይ፣ ሸዋዬ፣ ባሌን ከኋላው ሳየው ምን ያህል ረጅም እንደሆነ አወቅኩ። ለካ ስድስት ወር ጎብጦ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። የተወጠረውን ድር ዶሮ አበላሽቶት ስለነበር አንድ ቀን ሙሉ ቋጠሮ ፈታ፣ ሲሳደብ ዋለ። ስድቡ እንዴት ጣፈጠኝ! ቡሬ የእንስሳት ሐኪሙ ባለው መሠረት ለዕርድ ተሸኝታለች፤ ያን ዕለት ጓሮ አልወጣሁም፣ ስለዚህ ብዙ አልጽፍልሽም።

ወርቅአገኘሁ ለፋሲካ ወተት ይዞልን መጥቶ ነበር። «አፍልተኸዋል?» አልኩት። «አንቺ ታፈይዋለሽ አይደል?» አለኝ። ለዘውዴ እስኪንተክተክ አፍልቼ ሰጠሁት፤ «አረፋ የለውም» ብሎ አጉረመረመ፣ ግን ጠጣው። ያንቺን ደግሞ፣ በስልክ «መድኃኒቴን ጨርሼ ነጻ ነኝ» ያልሽኝን ዜና ለሰው ሁሉ ነግሬ ጨርሻለሁ፤ ሲኞራን በእኔ ስም ሳሚልኝ።

ይህን እየጻፍኩልሽ ሰው መጣ። ሕይወት ናት፣ ለጎረቤላ መምህራን ወተት የምታቀርበው። ጾሙ ከተፈታ ወዲህ ሥራዋ ደርቷል። ገብታ አልቀመጥም አለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

«እናናየሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ለሰው እንዳትነግሪ።»

«ጠይቂኝ።»

«የእኔ አይደለም። የአንዲት የማውቃት ሴት ላም…»

«ስንት ወሯ ላይ አስወረደች?»

«ስምንት» አለች፣ ፈጠን ብላ።

«ያቺ የምታውቂያት ሴት ወተቱን ትሸጣለች?»

ነጠላዋን ይበልጥ ወደ አፏ ሳበች።

«ትኩሳትስ አላት?»

«ከሰዓት በኋላ።»

«ወገቧስ?»

ግድግዳውን ተደግፋ «እሱም» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። አቀፍኳት። «በይ ሕይወትዬ፣ ወተቱን ዛሬ ለማንም አትስጪ። እኔም መስከረም ላይ ጥጃ ተውሼ ነበር» አልኳትና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። «ላም እንጂ ታቦት አይደለም» ያልሽኝን ስነግራት መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ እየሳቀች ተቀመጠች፣ ከዚያ ሳቋን መያዝ አቃታት።

አሁን ነጠላዬን እየፈለግኩ ነው፤ የደብረ ብርሃኑ ሚኒባስ ሊነሳ ነው። በይ የኔ እህት፣ ልሂድ። ያቺ የምታውቃት ሴት በሩ ላይ ቆማ «ቶሎ በይ» እያለችኝ ነው።

እናናየሁ